ካሲዮፒያ፦ በሰማይ ያለችው «የኢትዮጵያ ንግሥት»

ስለ ከዋክብት በሚያስተምሩ መጻሕፍት ውስጥ ካሲዮፒያ የምትባለው ኅብረ ከዋክብት ስትጠቀስ፣ ከስሟ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ «የኢትዮጵያ ንግሥት» የሚል ቃል ይከተላል። መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ሲያነብ፣ እጁን አውጥቶ «የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይሆናል። ወይ «አዎ፣ ስማችን በሰማይ ሳይቀር ተጽፏል» ተብሎ በኩራት ይታለፋል፤ ወይ ደግሞ «የግሪኮች ተረት ነው፤ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይዘጋል። ሁለቱም መልሶች ተማሪውን ሊያገኘው ከሚገባው ዕውቀት ያስቀሩታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የንግሥቲቱን ታሪክ ከመነሻው ተከትለን፣ ስሟ ከየት እንደመጣና በእሷ ስም በተሰየሙት ከዋክብት መካከል ምን እንደታየ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኖቹ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ከዋክብቱን ማግኘት ያስፈልጋል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት፣ ከምሽቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መብራት ከማይበዛበት ስፍራ ቆመን ፊታችንን ወደ ሰሜን እናዙር። ክንዳችንን ዘርግተን እጃችንን ብንጨብጥ፣ የጭብጡ ስፋት በሰማይ ላይ ዐሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከአድማሱ ጀምረን አራት ጭብጥ ያህል ወደ ላይ ስንቆጥር አምስት ደማቅ ከዋክብት ወጣ ገባ ብለው ተሰልፈው ይታያሉ። የአውሮፓ መጻሕፍት ይህን ቅርጽ «ደብልዩ» ከሚባለው የላቲን ፊደል ጋር ያመሳስሉታል። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አለን፤ እርሱም ንጉሡ «ሠ» ነው። ለንግሥት ኮከብ ከንጉሡ «ሠ» የበለጠ የሚስማማ ፊደል ከየት ይገኛል?

ይሁን እንጂ ተማሪዎች ሰማዩን አይተው «ሠ ሳይሆን ጠ ነው የሚመስለው» ቢሉ ትክክል ናቸው። በሀገራችን ካሲዮፒያ ከፍ ባለችበት ሰዓት የምትታየው ተገልብጣ ነው፤ ስትወጣና ስትጠልቅ ደግሞ በጎኗ ትተኛለች። ምክንያቱ የምንገኝበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሳችን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል። ካሲዮፒያ ከሰሜኑ የሰማይ ዋልታ 30 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትዞር የዙሪያዋ የታችኛው ክፍል ለእኛ ከአድማስ በታች ይሆናል። በሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች፤ ዐሥራ አራት ሰዓት ያህል ከአድማስ በላይ ቆይታ በሰሜን ምዕራብ ትጠልቃለች። በአቴናም ሆነ በሰሜን አውሮፓ ግን ዛሬ በዓመቱ ውስጥ አንድም ሌሊት አትጠልቅም። ይህን ነጥብ አንባቢያን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠቅመናልና።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ኬፌዎስ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር። ሚስቱ ካሲዮፒያ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ ትባላለች። ንግሥቲቱ በውበቷ የምትመካ ነበረችና ኔሬይዶች ከሚባሉት የባሕር ልጃገረዶች እንደምትበልጥ ተናገረች። (የተመካችው በልጇ ውበት ነው የሚሉም አሉ።) ልጃገረዶቹ ተቆጥተው የባሕር አምላክ ለሚባለው ለፖሴይዶን አቤት አሉ፤ እሱም በአገሩ ላይ ጎርፍና ሰው የሚበላ የባሕር አውሬ ሰደደ። ንጉሡ መላው ቢጠፋበት በሊቢያ በረሓ ከሚገኘው የአሞን መቅደስ ምክር ጠየቀ። የመጣለት ቃል ልጁን ለአውሬው ካልሰጠ መቅሠፍቱ አይቆምም የሚል ነበር። አንድሮሜዳ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም፤ የተመካችው እናት ስትሆን የታሰረችው ልጅ ናት።

በዚያው ጊዜ ፔርሴዎስ የሚባለው የግሪክ ጀግና፣ ያየውን ሁሉ ድንጋይ የሚያደርገውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ ልጅቱን አየ። አውሬውን ገድሎ ሊያገባት ከወላጆቿ ጋር ተዋዋለ፤ እንዳለውም አደረገ። በሠርጉ ላይ የአባቷ ወንድም ፊኔዎስ «ቀድሞ ለእኔ ታጭታለች» ብሎ ከነጭፍሮቹ ቢመጣ፣ ፔርሴዎስ የሜዱሳን ራስ አውጥቶ ድንጋይ አደረጋቸው። ዘመድን እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ለሚያገባ ለእኛ ሰው የአጎትየው ጥያቄ ለጆሮ ይከብዳል፤ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ግን አጎት የወንድሙን ልጅ ማግባቱ ነውር አልነበረም። ታሪኩ በማን ባህል ውስጥ እንደተሠራ ይህም አንድ ምልክት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ወደ ሰማይ ወጡ ይባላል። ኬፌዎስ፣ ካሲዮፒያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፔርሴዎስና አውሬው ሴቱስ በአንድ የሰማይ ክፍል በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። በ2ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው በጥሊሞስ ከመዘገባቸው 48 ኅብረ ከዋክብት መካከል አምስቱም ይገኙበታል፤ ለካሲዮፒያ 13 ከዋክብት ቆጥሮላታል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1922 የ88ቱን ኅብረ ከዋክብት ዝርዝር ሲያጸድቅም አንዳቸውም አልተሰረዙም።

የንግሥቲቱ ሰማያዊ ስፍራ ሽልማት ሳይሆን ቅጣት ነው። በዙፋኗ ላይ እንደተቀመጠች በዋልታው ዙሪያ ትሽከረከራለች፤ በየሌሊቱም ራሷ ወደ ታች ይዘቀዘቃል። በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ሰማይ የገጠመው ግሪካዊው አራቶስ፣ ካሲዮፒያ ወደ ውኃ እንደሚዘል ዋናተኛ በራሷ ወደ አድማስ እንደምትወርድ፣ እግሯ ግን እንደማይከተላት አድርጎ ሥሏታል። የዛሬ ተማሪ በአቴና ቆሞ ቢያይ ግን ንግሥቲቱ ከነራሷ ከአድማስ በላይ ናት። አራቶስ አልተሳሳተም። የምድር እንዝርት እንደሚሽከረከር እንዝርት ቀስ እያለ ስለሚወዛወዝ፣ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ያደርጋል። በዚህም የተነሣ የሰማዩ ዋልታ ከአራቶስ ዘመን ወዲህ ወደ ካሲዮፒያ ተጠግቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር፣ ግማሽ አካሏ ጠልቆ ግማሹ የሚቀር ንግሥት መታየት የምትችለው ከሜዲትራንያን አካባቢ መሆኑ ነው። ከእኛ አገር ለሚያይ ሰው ያን ጊዜም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ትወጣለች፣ ሙሉ በሙሉ ትጠልቃለች። ሥዕሉን የሣሉት ሰማዩን ከሰሜን ሆነው ያዩ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ የታሪኩ «ኢትዮጵያ» የት ነበረች? ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው። በሆሜር ግጥሞች ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳርቻ፣ ከፊሎቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ ከፊሎቹም በምትጠልቅበት የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው ሄሮዶቱስ ከግብፅ በስተደቡብ ስላሉት ኢትዮጵያውያን ይናገራል፤ በፋርስ ንጉሥ ጦር ውስጥ የተሰለፉ «የምሥራቅ ኢትዮጵያውያን» እንደነበሩም ይጽፋል። ይኸው ጸሐፊ ኬፌዎስን የቤሉስ ልጅ ብሎ ወደ እስያ ይወስደዋል። የፔርሴዎስና የአንድሮሜዳ ልጅ ፔርሴስ ከአያቱ ዘንድ እንደቀረና የፋርስ ሕዝብ ስሙን ከእሱ እንዳገኘም ይተርካል። በመሆኑም በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» ወሰኑ የታወቀ አገር አልነበረም። ከግሪክ በጣም ርቆ፣ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ያለ ሞቃት ምድር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የኢዮጴ ከተማ ጉዳይ ነው። ዛሬ ያፎ በምትባለው በዚህች የሜዲትራንያን ወደብ የአንድሮሜዳ ዐለት ይታይ ነበር። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው ዮሴፉስ፣ የሰንሰለቷ ምልክት በዚያ ይታይ እንደነበር ጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒም ይህንኑ ይደግማል። ከዚያም አልፎ፣ ስካውሩስ የተባለ ሹም በ58 ከክርስቶስ ልደት በፊት የአውሬውን አጥንት ከኢዮጴ አስመጥቶ በሮም ለሕዝብ እንዳሳየ ይነግረናል፤ ርዝመቱ 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል ነበር። የዓሣ ነባሪ አጥንት ሳይሆን አይቀርም። የጂኦግራፊው ሊቅ ስትራቦን ደግሞ አንዳንዶች ኢትዮጵያን ወደ ፊንቄ አዙረው ታሪኩ በኢዮጴ ተፈጸመ እንደሚሉ አንሥቶ ተከራክሯል። ስለዚህ የጥንቶቹ ራሳቸው ቦታው ላይ አልተስማሙም።

ሌሎች ደግሞ ወደ አባይ ሸለቆ ይዘውት ሄዱ። ሄሊዮዶሮስ የተባለ ጸሐፊ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ልብ ወለድ፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ከፔርሴዎስና ከአንድሮሜዳ እንደሚወለዱ ያወራል፤ መናገሻቸውም መርዌ ናት። መርዌ ዛሬ በሱዳን ውስጥ ያለችው የኩሽ መንግሥት ከተማ ናት። ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም «ኩሽ» የሚለው ስም «ኢትዮጵያ» ተብሎ የተጻፈውም በዚሁ መንገድ ነው።

የእኛስ አባቶች ይህን ስም የያዙት መቼ ነው? እዚህ ላይ የሚዳሰስ ማስረጃ አለን። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ድሉን በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ፣ በግዕዙ «ሐበሻት» የተባለው ቦታ በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ተብሏል። አሁን ዘመኑን እናስላ። ግሪካዊው ተውኔት ደራሲ ኤውሪፒደስ «አንድሮሜዳ» የተባለውን፣ ዛሬ ሙሉ ጽሑፉ የጠፋውን ተውኔት በአቴና ያሳየው በ412 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ከዚያ እስከ ዒዛና ሰባት መቶ ዓመት ያልፋል። በኤውሪፒደስ ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሥልጣኔ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የየሓ ቤተ መቅደስ በዚያን ጊዜ ያረጀ ሕንፃ ነበር። ነገር ግን የአቴናው ደራሲ «ኢትዮጵያ» ሲል የሓን ለይቶ አልጠቀሰም። ለተማሪው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ስሙ ኋላ የእኛ የሆነው ስም ነው፤ ካሲዮፒያ ግን በየሓም በአክሱምም የነገሠች ንግሥት አይደለችም።

የልዕልቲቱ መልክም ታሪክ አለው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ ግጥሙ አንድሮሜዳን በአገሯ መልክ ጠይም እንደነበረች፣ ፔርሴዎስም ወድዷት እንዳገባት ይናገራል፤ በሌላው ግጥሙ ግን ከዕብነ በረድ ሐውልት ጋር ያመሳስላታል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት እነ ቲሲያንና እነ ሩበንስ ሁለተኛውን መርጠው ነጭ አድርገው ሣሏት፤ ዛሬ በመጻሕፍት ውስጥ የሚታየው ሥዕልም ያው ነው። የሥነ ጥበብ መምህራን ሥዕሎቹን ለተማሪዎች በሚያሳዩበት ጊዜ የንጉሡን አገር ስም አብረው ቢያነሡ ጥሩ ውይይት ይወጣዋል ብለን እናምናለን።

ሌሎች ሕዝቦች እነዚህኑ ከዋክብት አይተው ንግሥት አላዩም። የቻይና ሰዎች ዋንግ ሊያንግ የተባለውን ሠረገላ ነጂና ፈረሶቹን አዩ። የጥንት ዐረቦች ደግሞ በሂና ቀለም የቀላ የሴት መዳፍ ነው አሉ፤ የእኛ ሴቶች እጃቸውን እንሶስላ እንደሚሞቁት ማለት ነው። ክንዱ ሰባቱ ከዋክብት ከሚባሉት ተነሥቶ የሚዘረጋ ረጅም ክንድ ነው። ከአምስቱ ከዋክብት አንዱ ዛሬም «ካፍ» ይባላል፤ መዳፍ ማለት ነው። በኋላ የበጥሊሞስ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ሲተረጎም ንግሥቲቱ አብራ ስለመጣች፣ «ሸዳር» የተባለው ኮከብ ደረቷ፣ «ሩክባ» የተባለው ጉልበቷ ሆነ። ግዕዝ የተማረ ሰው «ሩክባ» ውስጥ «ብርክ» የሚለውን ቃል ዘመድ፣ ፊደሉ ቦታ ተለዋውጦ ያገኘዋል።

ለዓይን አምስቱ በአንድ ግድግዳ ላይ የተሰኩ ይመስላሉ እንጂ ጎረቤቶች አይደሉም። የካፍ ርቀት 54 የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ ሩክባ መቶ ገደማ፣ ሸዳር 230 ገደማ ይርቃሉ። መካከለኛው ኮከብ ጋማ ከ500 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። ዛሬ ማታ ከካፍ የሚደርሰን ብርሃን የብዙ መምህራን ዕድሜ ያህል ጊዜ ሲጓዝ፣ የጋማው ብርሃን ግን ከግራኝ ጦርነት በፊት የተነሣ ነው። ጋማ ጸባዩ የማይታመን ኮከብ ነው፤ ድምቀቱ ይጨምራል ይቀንሳል። በ1937 ከአምስቱ ሁሉ የደመቀ ሆኖ ነበር። ኤታ የተባለው ደብዘዝ ያለ ኮከብ ደግሞ 19 የብርሃን ዓመት ብቻ የሚርቀን፣ ፀሐያችንን የሚመስል ጎረቤት ነው፤ በቴሌስኮፕ ሲታይ ቀላ ያለ ትንሽ ጓደኛ እንዳለው ዊልያም ኸርሽል በ1779 አይቷል። ፍኖተ ሐሊብ በንግሥቲቱ መካከል ስለሚያልፍ በአቅራቢ መነጽር ቢታይ የከዋክብት ክምር ይበዛበታል። ከእነዚህ አንዱን በ1783 ያገኘችው የዊልያም እኅት ካሮላይን ኸርሽል ናት።

ካሲዮፒያን በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ያስጠራት ግን ዛሬ በዓይን የማይታይ ኮከብ ነው። ኅዳር 11 ቀን 1572 ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1565 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የ25 ዓመቱ ዴንማርካዊ ቲኮ ብራሄ ዛሬ በደቡብ ስዊድን ካለው ከሄሬቫድ ገዳም የኬሚካል ሥራውን ጨርሶ ለራት ሲመለስ ቀና ቢል፣ በካሲዮፒያ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኃይለኛ ኮከብ በአናቱ ላይ አየ። ዓይኑን ስላላመነ አገልጋዮቹን፣ ቀጥሎም በመንገድ የሚያልፉ ገበሬዎችን «ይታያችኋል?» ብሎ ጠየቀ፤ ይታያቸው ነበር። ኮከቡ ከካፍ፣ ከሸዳርና ከጋማ ጋር ሆኖ አራት ማዕዘን ይሠራል። ድምቀቱ የአጥቢያ ኮከብ ከምንላት ከቬኑስ የማያንስ ስለነበር በቀን ብርሃን እንኳ ይታይ ነበር። ቻይናውያንም በዚያው ሰሞን መዝግበውታል። በአገራችን ዐፄ ሠርፀ ድንግል የነገሡበት ዘመን ነው፤ በዚያ ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ኮከቡ ከአድማሱ አራት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ የሚበራ ነበር። ከዚያ ከነጭነት ወደ ቢጫ፣ ወደ ቀይ እየተለወጠ፣ እየደበዘዘም ሄዶ በመጋቢት 1574 ከዓይን ጠፋ።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠ ለመረዳት የዘመኑን ትምህርት ማወቅ ያስፈልጋል። አርስጣጣሊስ ከጨረቃ በታች ያለው ሁሉ ይወለዳል፣ ይበሰብሳል፣ ይለወጣል፤ ከጨረቃ በላይ ያለው ሰማይ ግን ፍጹም ነው፣ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፣ ያለውም አይጎድልበትም ብሎ አስተምሯል። ይህ ትምህርት በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ ነበር። አዲስ ነገር ከታየ በአየር ውስጥ፣ ከጨረቃ በታች ያለ ጭስ ወይም ጅራታም ኮከብ ነው ይባል ነበር። ስለሆነም ጥያቄው አንድ ነበር፤ ኮከቡ ከጨረቃ በታች ነው ወይስ በላይ?

መልሱ የተገኘበት ዘዴ በክፍል ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ተማሪው አውራ ጣቱን ከፊቱ አቅርቦ አንድ ዓይኑን ቢጨፍን፣ ቀጥሎም በሌላው ዓይኑ ቢያይ፣ ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ቦታ የለወጠ ይመስላል። ጣቱን ሲያርቅ ልዩነቱ ይቀንሳል። ቅርብ ያለ ነገር ከሁለት ቦታ ሲታይ ይዛነፋል፤ እጅግ የራቀ ነገር አይዛነፍም። ምድር ስትዞር ተመልካቹን ይዛው ስለምትሄድ፣ ጨረቃ በዚህ ምክንያት ከከዋክብቱ አንጻር አንድ ዲግሪ ያህል ልትዛነፍ ትችላለች። (ያን ጊዜ የሚዞረው ሰማይ ነው ይባል ነበር፤ ስሌቱ ግን በሁለቱም ያው ነው።) ቀደም ሲል አንባቢያን እንዲይዙልን የጠየቅነው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዴንማርክ ካሲዮፒያ ስለማትጠልቅ፣ ቲኮ የአዲሱን ኮከብ ርቀት ከጎረቤቶቹ፣ አንድም በአናቱ ላይ ሳለ፣ አንድም ከዋልታው በታች ወርዶ ከአድማሱ ሲቀርብ፣ በዚያው ቦታ ቆሞ ሊለካ ቻለ። ልዩነት አላገኘም። በጀርመን ሚካኤል ሜስትሊን፣ በኋላ የኬፕለር መምህር የሆነው፣ መሣሪያ ስላልነበረው ክር ወጥሮ አዲሱ ኮከብ ከየትኞቹ ከዋክብት ጋር በአንድ መሥመር እንደሚውል ከሌሊት እስከ ሌሊት አየ፤ እሱም ዝንፈት አላገኘም። አንድ ክር ብቻ ይዞ ይህን ያህል የተሠራ ሥራ፣ ቤተ ሙከራ የለንም ለምንል መምህራን የሚታሰብበት ነው። ቲኮ «ስለ አዲሱ ኮከብ» የተባለውን መጽሐፉን በ1573 በኮፐንሃገን አሳተመ። ኮከቡ ከጨረቃ በላይ፣ በቋሚዎቹ ከዋክብት መካከል ነበር። ሰማይ ተለውጧል።

ቲኮ አዲስ የተወለደ ኮከብ ያየ መስሎት ነበር፤ ያየው ግን የሞት ብርሃን ነው። አርጅቶ የተኮማተረ ኮከብ ፈንድቶ ነበር፤ ዛሬ ሱፐርኖቫ እንለዋለን። የብናኙ የራዲዮ ድምፅ በ1952 በእንግሊዝ አገር ተሰማ። በ2008 ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ተሠራ። ከፍንዳታው ብርሃን ከፊሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ፣ በሩቅ ከሚገኝ አቧራ ላይ አርፎ፣ ልክ የገደል ማሚቶ እንደሚመለስ ዘግይቶ ወደ ምድር ደረሰ፤ ሊቃውንቱም ቲኮ ያየውን ያንኑ ብርሃን ከ436 ዓመት በኋላ ተንትነው የፍንዳታውን ዓይነት ለዩ።

በዚያችው ንግሥት ወሰን ውስጥ ሌላም ኮከብ ፈንድቷል፤ የዚህኛው ዕድል ግን የተለየ ነው። በ1948 የካምብሪጅ ሊቃውንት ማርቲን ራይልና ፍራንሲስ ግሬም ስሚዝ ከካሲዮፒያ የሚመጣ ኃይለኛ የራዲዮ ሞገድ ደረሱበት፤ ካሲዮፒያ «ኤ» ይባላል። ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ካሉት የራዲዮ ምንጮች እጅግ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው። ርቀቱ 11,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ብናኙ ከሚስፋፋበት ፍጥነት ወደ ኋላ ሲሰላ፣ የፍንዳታው ብርሃን ምድር መድረስ የነበረበት በ1670ዎቹ ገደማ፣ በጎንደር ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነበሩበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ቴሌስኮፕ ነበራት፣ ሐሳዊ ኮከብ የሚጠባበቁ ሊቃውንትም ነበሯት፤ ሆኖም ማንም እንደ ቲኮ ኮከብ አላየውም። በመካከል ያለው አቧራ ሳይጋርደው አልቀረም። በ1999 ቻንድራ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሥራ ሲጀምር ካነሣቸው የመጀመሪያ ሥዕሎች አንዱ ይህ ነበር፤ በመካከሉም ከፍንዳታው የተረፈችው ጥቃቅን ነጥብ፣ የኒውትሮን ኮከብ፣ ታየች።

ባልና ልጅም ድርሻ አላቸው። በኬፌዎስ ውስጥ ዴልታ የተባለው ኮከብ በየ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ እየደመቀ እየደበዘዘ መሆኑን በ1784 ያስተዋለው ጆን ጉድሪክ፣ መስማት የተሳነው የ20 ዓመት ወጣት ነበር። እንዲህ ያሉት ከዋክብት በንጉሡ ስም ሴፌይድ ተባሉ። አሜሪካዊቷ ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 ባሳተመችው ሥራ፣ ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸው እንደሚጨምር አሳየች፤ ይህም ዑደቱን ቆጥሮ ርቀትን ለማወቅ አስቻለ። በአንድሮሜዳ ውስጥ ደግሞ ፋርሳዊው አል ሱፊ በ964 «ትንሽ ደመና» ብሎ የጻፈላት ብዥታ አለች፤ ከሸዳር በኩል ያለው የ«ሠ» ሹል ጫፍ ወደ እሷ ያመለክታል፣ በጨለማ ሌሊትም በባዶ ዓይን ትታያለች። ኤድዊን ሀብል በ1923 በውስጧ ሴፌይድ አገኘ፤ ርቀቷን ቢያሰላ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ ሆነች። የዛሬው ልክ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በአባት ስም የተጠራው መለኪያ የልጅቱን ርቀት ለካ።

በመጨረሻ አንድ ቅርብ ጊዜ የሆነ ነገር እናንሣ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አገር ፕላኔት ያለው አንድ ኮከብ ሰጥቶ ስም እንዲያወጣለት ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ የሚገኘው በአንድሮሜዳ ውስጥ ነው። ኮከቡ «ቡና»፣ ከጁፒተር የሚከብደው ፕላኔቱም «አቦል» ተባሉ። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን ያለ መሣሪያ አይታይም፤ በአቅራቢ መነጽር ግን ይገኛል። መፈለግ ለሚሹ ተማሪዎች ቦታው እንዲህ ነው። አልማክ የተባለውን የአንድሮሜዳን የእግር ኮከብና፣ ፔርሴዎስ በእጁ የያዘውን የሜዱሳን ራስ የሚያመለክተውን አልጎልን ይለዩ፤ ቡና በሁለቱ እኩሌታ ላይ ግድም ነው።